አሥራ ሦስተኛው ዙር

«አላደርገውም አልኩ! ስንት ጊዜ ልበል?»

«አንድ ጊዜም አልሰማሁሽም» አሉ አባ ጌርሳም ከአልጋቸው ላይ ሆነው። «ጆሮዬ ደክሞ አይደለም። የሚረባ ነገር ስላልተናገርሽ ነው።»

ዘሚካ በቋጣሪዎች ቤት አዳራሽ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትንጎራደድ ነበር። «እኔ ራሴ ከተለማማጅነት ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ሰው አስተምሬ አላውቅም። ሰው ቀርቶ ድመት አስተምሬ አላውቅም!»

«ድመት አይማርም። ሰው ይሻላል።»

«አባ፣ እባክዎ አይቀልዱብኝ። ቋጠሮው መላላት ከጀመረ ወዲህ ዘጠኝ ቋጣሪዎች ተለማማጆቻቸውን አስከትለው ወደ ጎርጃ ወጡ፤ አንድም አልተመለሰ። ሁሉም ከእኔ የበለጡ ነበሩ። እነሱ ያልቻሉትን እኔ ሦስት ወር ያልሞላቸው ሁለት ጀማሪዎች ይዤ እንዴት ብዬ?»

«እንዴት ብለሽ እንደሆነ ልነግርሽ ነበር። አላስወራ አልሽኝ እንጂ።»

መንጎራደዷን አቆመች። ከውጭ የሕዝቡ ጫጫታ ይሰማል፤ ሰው ዕቃውን በአህያ እየጫነ ወደ ምሥራቁ ሜዳ ይሸሻል። ውሃው ከመጣ ያ ሜዳ ማንንም እንደማያስጥል ግን የሚሸሸውም ያውቀዋል።

በዚያን ዕለት ማለዳ ቋጠሮው ሦስት ጊዜ አቃስቶ ነበር። በሐመልዛ መንግሥት፣ በጎርጃ ተራራ አናት ላይ አንድ ታላቅ ሐይቅ አለ፤ ከሥሩ ከተማዋና አርባ መንደሮች ተኝተዋል። ሐይቁን ሁለት የድንጋይ በሮች ይዘውታል። በሮቹን ደግሞ የያዛቸው አንድ ቋጠሮ ነው። ያ ቋጠሮ ሲያቃስት ድምፁ ተራራውን ወርዶ በየቤቱ ገባ፤ የጉድጓድ ውሃ ደፈረሰ፤ ፈረሶች በየጋጣቸው ተንበረከኩ። የአባቶች ቃል ደግሞ የታወቀ ነበር፤ ቋጠሮው ሦስት ጊዜ ካቃሰተ ሐይቁ ከአምስት ፀሐይ በላይ አይታገሥም።

አሮጌውን ቋጠሮ በአዲስ መተካት የሚቻለው በሕያው ገመድ ብቻ ነው። ሕያው ገመድ ከነጭ ሐረግ ይፈተላል፤ ሐረጉም በአርባ ዓመት አንዴ ያብባል። ከአንድ ሰው እጅም አንድ ታላቅ ቋጠሮ ብቻ ይቀበላል። አንዴ የቋጠረ እጅ ዳግመኛ ቢነካው ገመዱ ውርጭ እንዳገኘው ቅጠል ይሞታል። ዘሚካ የራሷን ቋጠሮ ከሁለት ዓመት በፊት በደቡቡ ድልድይ ላይ አስራ ጨርሳለች። ስለዚህ በሐመልዛ ምድር የሚያውቅ አይችልም፤ የሚችል አያውቅም። በሁለቱ መካከል ያለው አፍ ብቻ ነው።

«ነይ እዚህ» አሉ አባ ጌርሳም። እግራቸው ከሞተ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ክንዳቸው ግን ገና ብርቱ ነበር። «ፀሐይዋ ያችን ምሰሶ እስክትነካ ጊዜ አለን። ቋጠሮውን እንደምታውቂ አውቃለሁ። ማሳወቅ ግን አታውቂም። እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊ።»

ከትራሳቸው ሥር ቀይ መቀነት መዝዘው ሁለቱን የእጅ አንጓዎቿን ከወገቧ ኋላ አጥብቀው አሰሩ። «መምህሬ በእኔ ፊት ታስሮበታል፤ እኔም በአንቺ ፊት። ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል። የማዕረግ ልብስ ይመስለኝ ነበር። እንደ ካባ።»

«ካባ አይደለም፤ ልጓም ነው። በይ አሁን የዚህን ጆንያ አፍ አሳስሪኝ። እኔ ምንም የማላውቅ ተለማማጅ ነኝ።»

«ገመዱን ይያዙ።»

ያዙ፤ በግራ እጃቸው።

«በጆንያው ዙሪያ ያዙሩት።»

ሽማግሌው ገመዱን አፉን ትተው በጆንያው ሆድ ላይ አዞሩት። ዘሚካ ትከሻዋ ዘሎ መቀነቱ አንጓዋን ያዛት። «እንደዚያ አይደለም!»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«እንደ ሰው!»

«‹እንደ ሰው› የሚባል ዙር ከቋጠሮው አሥራ ሦስት ዙሮች ውስጥ አላውቅም።»

«ደግሞ የሚያዘው በቀኝ እጅ ነው!»

«መች ነገርሽኝ? ደግሞስ ቀኝ እጄ ካልሆነልኝ?» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው አናደዳት።

ፀሐይዋ ምሰሶውን ስትነካ ጆንያው አንዴ ብቻ ታስሮ ነበር፤ እሱም ጠሞ። አባ ጌርሳም አገላብጠው አዩትና «አያምርም» አሉ። «ግን እኔ ነኝ ያሰርኩት። አየሽ? አንቺ ስትሠሪው የሚያምር ነገር ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ...አሥራ ሦስተኛውን ዙር አትነግሪያቸውም። እሱ ለየእጁ ይለያያል። ትጠይቂያቸዋለሽ። እኔ ምን ብዬ ነበር የጠየቅሁሽ?»

«‹ገመዱ ወዴት መሄድ ይፈልጋል?›»

«ሌላውን ሁሉ ብትረሺ እሱን አትርሺ።»

መቀነቱን ፈትተው ሰጧት። እሷም ጠቅልላ ከስንቁ ከረጢት ሥር፣ ከበሶው በታች ወተፈችው።

በከተማዋ በር ላይ ንግሥት ሳፍራ ያለ ዘውድ ቆመው እነ ዘሚካን ጠበቁ። «የሐመልዛ ልጆች! ሠራዊት ቢበቃ ሠራዊት እልክ ነበር፤ ሐይቅ ግን በጦር አይመለስም። የቀራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ሳይሆንላችሁ ቢቀር ማንም አይወቅሳችሁም፤ የሚወቅስ አይተርፍምና» አሉ።

ዘሚካ በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች። «በሐይቁ ዝምታና በመምህሬ መቀነት እምላለሁ! እጄ የማይደርስበትን አፌ ያደርሰዋል።»

የማለችበት መቀነት ከበሶው በታች ነበር።

አራት ሆነው ወጡ። መንገዱን የሚመራቸው በርጋ የሚባል ወታደር ነው፤ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው። ከሁለቱ ተለማማጆች አንዱ ታዶር ይባላል፤ የሸማኔ ልጅ፣ ጣቱ ፈጣን፣ አፉ ከጣቱ የፈጠነ። ሁለተኛዋ ልሳኔ ናት፤ ከዓሣ አጥማጆች መንደር የመጣች፣ ግራኝ፣ አንድ ጥያቄ ከመጠየቋ በፊት ሦስት ጊዜ ምራቋን የምትውጥ። እያንዳንዳቸው በወገባቸው ላይ የየራሳቸውን ሕያው ገመድ ታጥቀዋል። ገመዱ የባለቤቱን ሙቀት መልመድ አለበት፤ አንዱን የለመደ ከሌላው ቋጠሮ አይቀበልም፤ ያልቋጠረ እጅ ጫፉን ቢይዝ ግን አይጎዳውም። በቤቱ የቀሩት ሁለት ገመዶችም እነዚያ ብቻ ነበሩ።

«አንተ ሸማኔ» ይላል በርጋ ዳገቱን እያለከለከ ሲወጣ፣ «ያን ገመድ ስትጨርስ ለእኔም አንድ ጋቢ ትሠራልኛለህ?»

«ለእርስዎ ጋቢ አይበቃም፤ አፍዎን የሚሸፍን ሌላ ኩታ ያስፈልጋል።»

በርጋ ሳቀ። ዘሚካ አልሳቀችም። በየዕረፍቱ ተራ ገመድ አውጥታ ታለማምዳቸዋለች። በተራ ገመድ የሚሠራው እስከ ስምንተኛው ዙር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሕያው ገመድ እንጂ ሌላ አይሸከመውም። የመጨረሻዎቹ አምስት ዙሮች የሚሠሩት እበሩ ላይ፣ በቃል ብቻ ነው።

ታዶር ስምንቱን በአንድ ቀን ያዘ። ልሳኔ በሁለተኛውም ቀን አራተኛው ላይ ነበረች።

«በቀኝ! በቀኝሽ አልኩሽ እኮ!»

«እሺ እትዬ።»

«እሺ ትያለሽ፣ ደግሞ በግራሽ!»

ከዚያ በኋላ ዘሚካ ልሳኔን ተወቻት። ሙሉ ተስፋዋን በታዶር ላይ ጣለች። እሱ ሲያስር ዓይኗን ከጣቶቹ አትነቅልም፤ አንዲት ክር ብትላላ ታያለች፤ ሲተነፍስ እንኳ «ቀስ» ትለዋለች። ልጁ እየቆየ ቀልዱን አቆመ።

ሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ዋሻ አፍ ተቀመጡ። ሕያው ገመድ ከእጁ ጋር የሚተዋወቅበት ቀን ነበር፤ ስድስት ዙር ታስሮ መልሶ ይፈታል። ታዶር ገመዱን ከወገቡ ፈታ። ነጭ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል እንደ ድመት ጀርባ ይሞቃል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። አራት። በአምስተኛው ላይ የዘሚካን ዓይን ከእጁ ላይ አየና እጁን አፈጠነ። በስድስተኛው አንዲት ዙር ላላች። ለማጥበቅ ጊዜ ነበረው፤ ሊያጠብቃትም ጣቱን አንሥቶ ነበር።

የዘሚካ እጅ ግን ከሐሳቧ ቀደመ። ተወርውራ ገመዱን ከእጁ ያዘች።

ነጩ ገመድ ከመዳፏ ጀምሮ አመድ መሰለ። ግራጫው ቀለም በዙሮቹ ላይ እየሮጠ ሄዶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ገመዱ እንደ ደረቀ ሣር ተሰባበረ። ታዶር ባዶ እጁን ዘርግቶ እንደያዘ ቀረ።

«ላጠብቃት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እትዬ፣ ላጠብቃት ነበር እኮ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አለ በርጋ፤ ከዚያ የዘሚካን ፊት አየና የቀረውን ዋጠው። የሚለቀም ነገርም አልነበረም።

ዘሚካ ከእነሱ ርቃ ከገደሉ ጫፍ ተቀመጠች። ከታች አርባዎቹ መንደሮች ይታያሉ፤ ከጥቂቶቹ ጭስ ይወጣል። መሄድ ያልቻሉ ሽማግሌዎች ምሳቸውን እያበሰሉ ይሆናል። እጇን አየችው። ቢቆረጥ ደስ ባላት ነበር።

ልሳኔ መጥታ ከጎኗ ቆመች። አንዴ ዋጠች፣ ሁለቴ ዋጠች፣ ሦስቴ ዋጠች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«‹ቀኝ› ሲሉኝ ግራዬን ማሰብ አለብኝ። ‹ግራ› ሲሉኝ ቀኜን። ገልብጬ እስካስብ እርስዎ ይቆጣሉ። ሲቆጡ ደግሞ ያሰብኩት ይጠፋኛል።»

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቁኝ?»

ዘሚካ አባ ጌርሳም ገመዱን በግራ እጃቸው ሲይዙ ታያት፤ ፈገግታቸውም። እሳቸው ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ልጅቱን አይተዋታል። እሷ ከሦስት ቀን በኋላ እንኳ አላየቻትም።

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

ልሳኔ ረጅም ጊዜ አሰበች። ዘሚካ መልሱን ልትሰጣት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«የምትመራዋ እጅና የምትጠብቀዋ እጅ ቢሉኝ» አለች ልጅቱ በመጨረሻ።

ዘሚካ ተነሥታ ወደ ስንቁ ሄደች፤ ከበሶው ሥር ቀዩን መቀነት አወጣችና ለታዶር ሰጠችው። ጀርባዋን አዞረችለት። «እሰረኝ።»

«ላጥብቀው?»

«አጥብቀው።»

«ደስ ይለኛል» አለ ታዶር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። አጥብቆም አሰራት።

በዚያ ከሰዓት ልሳኔ ስድስት ዙር በሕያው ገመድ አስራ ፈታች። ዘሚካ እጇ ከኋላዋ ታስሮ ትነግራታለች፤ ልጅቱ ስትሳሳት መቀነቱ ይሰረስራታል። ቆይታ ቆይታም መንገር ተወችና መጠየቅ ጀመረች። «ይህች ዙር ለምን ወደ ላይ የሄደች ይመስልሻል?» ልሳኔ ትውጣለች፣ ታስባለች። «የታችኛዋ እንዳትከፈት፤ እህቷን ልትሸከም።» እንዲህ ያለ መልስ ዘሚካን ማንም አላስተማራትም። ሲመሽ ልጅቱ ስምንተኛው ላይ ደርሳ ነበር። ታዶርም ውጥሩን፣ ማለት የገመዱን ሁለት ጫፎች ወጥሮ መያዝን፣ ከእሷ ጋር ተለማመደ። «እኔ ምሰሶ ሆኛለሁ» አለ። «ምሰሶ ቢያንስ ማንም አይነጥቀውም።» ዘሚካ አንገቷን ደፋች። ይገባታል።

በአራተኛው ቀን ወደ በሮቹ በሚወስደው ጠባብ ሸለቆ ሲገቡ የጠፉትን ቋጣሪዎች ዱካ አገኙ። ቀያይ መቀነቶች በየድንጋዩ ላይ ተበትነዋል። ልሳኔ በባዶ ገላጣ ቦታ መካከል ቆማ አንዱን ስታነሣ በርጋ ከላይዋ ጥላ ሲወርድ አየ።

«ልጅት! ራስሽን!»

ጥላው በልሳኔ ላይ አለፈ። ከወይፈን የሚበልጥ፣ ክንፉ እንደ ሌሊት ወፍ ቆዳ የሆነ፣ ገላው ከሐይቅ እንደወጣ ዓሣ የሚያንጠባጥብ አውሬ ነበር። ዓይን የለውም። ዓይን በሚኖርበት ቦታ ሁሉ ጆሮ ነው፤ ጋሻ የሚያህል ጆሮ። ልጅቱን ሳይነካ በቀጥታ ወደ በርጋ አፍ ሄደ። በርጋ ጦሩን እንኳ አላነሣም፤ አንድ እጁን ወደ እነሱ ዘርግቶ ሌላኛውን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንዲሉ አመለከታቸው። ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው የመጨረሻ ምልክቱ ይህ ነበር። አውሬው አንሥቶት ወደ በሮቹ በረረ።

በድሮ ተረት ዶቅማት የሚባለው ይህ ነው፤ የሐይቁን ውሃ ለብሶ የሚኖር፣ ድምፅ የሚያድን። በሮቹ ሲሰነጠቁ በስንጥቁ ወጥቷል። ዘሚካ ድንጋይ ሥር ተኝታ ሁሉ ነገር ገባት። ዘጠኙ ቋጣሪዎች የሞቱት ሲያስተምሩ ነው። የሚያስተምር ሰው መናገር አለበት፤ የሚናገርን አውሬው ይወስደዋል። ቃሉ ሲቋረጥ ደግሞ ተለማማጁ ገመዱን ይዞ እንደቆመ ይቀራል፤ መምህሩን ቢጣራ እሱም ይወሰዳል።

ያን ቀን ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ሄዱ።

አምስተኛዋ ፀሐይ ስትወጣ እበሮቹ ሥር ነበሩ። ታዶር የዘሚካን እጆች እንደገና በመቀነቱ አስሯል። በሁለቱ የድንጋይ ሳንቃዎች መካከል ሰው የሚያሾልክ ስንጥቅ ተከፍቷል፤ በእሱ ሐይቁ እየጮኸ ይፈሳል። ፍንጥቅጣቂው አየሩን ሞልቶ ሰው የሌላውን ጣት ለይቶ አያይም። የውሃው ጩኸት ሹክሹክታን ይውጣል። በምልክት ማሳየት አይሆንም፤ ቋጠሮው ያለበት ቦታ ከአንድ ሰው በላይ አያስጠጋምና ከቋጣሪዋ ጆሮ ደርሶ መንሾካሾክም አይሆንም። መጮህ ብቻ ነው የቀረው።

ልሳኔ በሮቹን በሚያያይዙት ሁለት የድንጋይ ቀለበቶች መካከል፣ ከአሮጌው ቋጠሮ ጎን፣ ገመዷን አስገባች። ታዶር ጫፎቹን በሁለት እጁ ወጥሮ እግሩን ከድንጋይ ጋር ተከለ። ልጅቱ የምታውቃቸውን ስምንት ዙሮች ያለ አንድ ቃል ሠራች። እያንዳንዱ ዙር በትክክል ሲገባ ድንጋዩ ከሥራቸው እንደ ክራር ጅማት ቀስ ብሎ ይጮኽ ነበር፤ ዘሚካ በእግሯ ትሰማዋለች። በስምንተኛው ላይ ልሳኔ ቀና አለች። ዓይኗ ይጠይቃል።

ዘሚካ አፏን ከታዶር ጆሮ ጋር አጣበቀች። «ድምፄ ከዚያ ማዶ ይመጣል። ምንም ብትሰሙ እንዳትመጡ።»

ታዶር ራሱን ነቀነቀ። ወደ መቀነቱ አየ፤ ወደ እጆቹ አየ። ሊፈታላት ቢፈልግ ውጥሩን መልቀቅ አለበት። ዘሚካ ግንባሯን ከትከሻው ጋር አንዴ ነካ አደረገችና እጇ ከኋላዋ እንደታሰረ ሄደች።

ከበሮቹ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከገደል የተጠረበ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄደች። በእጅ መደገፍ ለማይችል ሰው ረጅም መንገድ ነው። ጥግ ላይ ስትደርስ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ባላት ትንፋሽ ሁሉ ጮኸች።

«ዘጠነኛ! የምትመራዋ እጅ ከሥር! የምትጠብቀዋ ትያዝ!»

ጩኸቷ ሳያልቅ አውሬው ከስንጥቁ ወጣ። ዘሚካ በጉልበቷ ወድቃ ወደ ፊት ተንፏቀቀች። ክንፉ የቆመችበትን ቦታ ሲገርፈው የድንጋይ ፍርፋሪ በፀጉሯ ላይ ወረደ። ዝም አለች። አውሬው ጋሻ ጆሮዎቹን እያዞረ ጠበቀ። እሷም ጠበቀች። ከመጠበቅ የከበደ ምንም አልነበረም፤ ልጅቱ ዘገምተኛ ናት። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ከጉልበቷ ሥር ቀስ ብሎ ጮኸ።

«አሥረኛ! በእህቷ ጀርባ ላይ አሳልፊያት!»

ሸሸች። ጥፍሩ ትከሻዋን ቀደደ። ድንጋዩ ጮኸ።

«አሥራ አንደኛ! ሁለት ጊዜ ተጠምዝዛ ትግባ!»

ድንጋዩ ተንቀጠቀጠ፤ አሮጌው ቋጠሮ እንደዚያች ማለዳ አቃሰተ። ልሳኔ ተሳስታለች። ዘሚካ እጇ መቀነቱን ሲስበው ተሰማት፤ ሁለት መቶ እርምጃ ርቃ እንኳ ልትነጥቅ! አንጓዋ ደማ። አውሬው ከላይዋ እያንዣበበ፣ ልትናገር የምትችለው አንዴ ብቻ እንደሆነ እያወቀች፣ ‹እንደዚያ አይደለም› አላለችም።

«ልሳኔ! ከየት ነው የላላችው? ከዚያ ጀምሪ!»

አውሬው ወደ ድምፁ ወረደ፤ እሷ ተንከባለለች፤ ጥፍሩ ጎኗን አገኘው። በዚያ መካከል ድንጋዩ ጮኸ፤ ከቀድሞዎቹ ሁሉ የጠራ ጩኸት ነበር።

«አሥራ ሁለተኛ! ወደ ልብሽ ሳቢያት!»

በዚህኛው መሸሻ አልነበራትም። የመተላለፊያው መጨረሻ ላይ ደርሳለች። ጥፍሩ ጉሮሮዋ ላይ ሲያርፍ ሕመም አልተሰማትም፤ ብርድ ብቻ። ድንጋዩ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። ጥያቄው ቀርቷል። ዘሚካ አፏን ከፈተች። የወጣው ደም ነበር።

ልጅቱ እየጠበቀች ነው። ጥያቄው እስኪመጣላት ገመዱን ይዛ ቆማለች፤ ልክ እንደ ጠፉት ተለማማጆች። ውሃው ይጮኻል፤ ፀሐይ ትወጣለች። ዘሚካ አንድ ጊዜ በእግሯ ድንጋዩን መታች፤ ደግማ መታች። ማን ይሰማዋል?

ከዚያ ከማዶ የልሳኔ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ግን ምራቋን ሳትውጥ የወጣ።

«ገመዱ ወዴት መሄድ ይፈልጋል?»

አባ ጌርሳም ነግረዋት ይሁን ራሷ አግኝታው፣ ዘሚካ አላወቀችም። አውሬው ግን ሰምቷል። ጆሮዎቹን ወደ በሮቹ አዞረና ክንፉን ዘረጋ። ዘሚካ በቀራት ጉልበት ተንሸራትታ እግሮቿን በእግሩ ላይ ጠመጠመች። አውሬው ተነሣ፤ ክብደቷ ወደ ታች ሳበው፤ ከድንጋዩ ጋር ተላተመ፤ ደግሞ ተነሣ። ከታች ገደሉ ሲሽከረከር አየች።

ያኔ በሮቹ ተዘጉ።

የውሃው ጩኸት በአንዴ ተቆረጠ። ፍንጥቅጣቂው ወረደ፤ ፀሐይ ገባች። ውሃው የተቋረጠበት ዶቅማት ቆዳው ላይ ነጭ ስንጥቅ ሮጠ፤ ክንፉ ደረቀ፤ ጆሮዎቹ ተጨማደዱ። መተላለፊያው ላይ ሲወድቅ ሸክላ እንደሚሰበር ተሰበረ። ታዶር እየሮጠ ሲደርስ ዘሚካ በስብርባሪው መካከል ተኝታ ነበር። መቀነቱን ፈትቶ ጉሮሮዋን አሰረበት።

በአራተኛው ወር የቋጣሪዎች ቤት አዳራሽ ሰው ሞልቶበት ነበር። በከተማዋ ስለ ግራኟ ቋጣሪ ዘፈን ወጥቷል፤ ሰባት አዲስ ተለማማጆችም መጥተዋል። ነጭ ሐረጉ በሰሜኑ ገደል ማቆጥቆጥ ጀምሯል ይባላል። አባ ጌርሳም በአልጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። ታዶር ከአንድ ጀማሪ ጋር ስለ ውጥር ይከራከራል። «አንተ ምሰሶ ነህ፤ ምሰሶ አፍ አለው?» ይለዋል። ጀማሪው «እርስዎ ታዲያ?» ሲለው ሁሉም ሳቀ።

ዘሚካ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ነበረች። በየማለዳው መጥታ እዚያው ትቀመጣለች። እጇ ሕያው ገመድ አይነካም፤ ጉሮሮዋም ድምፅ የለውም።

ልሳኔ በአዳራሹ መካከል ቆማለች፤ እጇ ከኋላዋ በቀዩ መቀነት ታስሯል። መቀነቱ ብዙ ጊዜ ታጥቦም የደሙ ጥቁረት አልለቀቀም። ከፊቷ አንዲት ጀማሪ ሦስተኛውን ዙር እያበላሸች ነበር። የልሳኔ ትከሻ ዘለለ። መቀነቱ ያዛት። ልጅቱ እንደገና አበላሸችው። ልሳኔ አንዴ ዋጠች፣ ሁለቴ ዋጠች።

«ቆዪ» አለች። «በየትኛው እጅሽ ነው የምትጽፊው?»

ተለማማጆቹ ሁሉ ሊያዩ ወደ መካከል ተጠጉ። ዘሚካ ከወንበሩ ሥር ትንሽ ከረጢቷን አነሣች፤ በሶና አንድ ኩባያ ነበረበት። የራሷ ቋጠሮ ያለበት የደቡቡ ድልድይ ጠባቂ ይፈልጋል መባሉን ከሰማች ሳምንት ሆኗታል። ወንበሩን የሚያልፍ እንዳይሰናከልበት ወደ ግድግዳው አስጠጋች። በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ወጣች።

«አሁንስ ወዴት መሄድ ይፈልጋል?» አለች ልሳኔ ከውስጥ።

ጀማሪዋ አጎንብሳ ገመዱን አየች። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።